የወጣቶች የስሜት ጽናት ከየት ይመጣል?

የስሜት ጽናት ማለት ሐዘንና ጭንቀት አለመሰማት ወይም ሕመምን ውጦ ዝም ማለት ሳይሆን («ቻይ» የሚለው ሙገሳ አንዳንዴ ዝምታን ብቻ ያበረታታል)፣ መከራ ያናጋው ሰው ዳግም ተረጋግቶ ኑሮውን ለመቀጠል ያለው አቅም ነው። የዚህን አቅም ምንጭ ከመረመሩት ጥናቶች ታዋቂ የሆነው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነርና ባልደረባዋ ሩት ስሚዝ፣ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስና የተከታተሉበት ነው። ከሕፃናቱ ሲሶ ያህሉ በድህነት፣ በወላጆች ጠብ፣ በመጠጥ ሱስ ወይም በአእምሮ ሕመም በታወከ ቤት ያደጉ ሲሆኑ፣ ከእነዚሁ መካከል ደግሞ ሲሶ የሚሆኑት ብቁና ለሌላው አሳቢ ጎልማሶች ሆነው ተገኝተዋል። ልጆቹን ከደገፏቸው ነገሮች ዋነኛው ቢያንስ ከአንድ የተረጋጋ አዋቂ ጋር የመሠረቱት የቀረበ ትስስር ሲሆን፣ ያ ሰውም የግድ ወላጅ ሳይሆን አያት፣ ታላቅ እህት፣ መምህር ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችል ነበር። ታናናሾችን እንደ መንከባከብ ያለ፣ ለቤተሰቡ በእርግጥ የሚያስፈልግ ኃላፊነት መሸከማቸውም ረድቷቸዋል፤ ምክርና ተግሣጽ ብቻውን ይህን አይተካም። በጉርምስናቸው ችግር ውስጥ ገብተው ከነበሩት ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ወደ 30ዎቹ ሲዘልቅ፣ በትምህርት፣ በሥራና በጥሩ ትዳር አማካይነት ሕይወታቸውን አቃንተዋል።