የጉበት በሽታ ሊቅ ዶክተር ሺላ ሸርሎክ

በአገራችን ዓይኑ ብጫ የሆነውን፥ ገላው የወየበውን ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» እንላለን። ምልክቱ ከውጭ ይታያል፤ የሚታመመው ጉበት ግን ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገ ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ጉዳቱን አጥርተው የሚያዩት በሽተኛው ከሞተ በኋላ ነበር። የሕያውን ሰው ጉበት መርምሮ ማወቅ እንዲቻል ከደከሙት ሰዎች አንዷን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናስተዋውቃለን።

ዶክተር ሺላ ሸርሎክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. በደብሊን ተወልደው በእንግሊዝ አገር አደጉ። ሕክምና ለመማር ባመለከቱ ጊዜ፥ ሴት በመሆናቸው ብዙ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏቸውም። በ1936 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው፤ በ1941 ከጓደኞቻቸው ሁሉ አንደኛ ሆነው ተመረቁ። እንዲህም ሆኖ በዚያው ከተማ የጀማሪ ሐኪምነት ሥራ ቢጠይቁ ሴት ናቸው ተብለው ተከለከሉ። እኛ የተማሪዎችን ውጤት በየተራው ስንመዘግብ የኖርን ነንና፥ ይህን ባነበብን ጊዜ ብዕራችንን አስቀምጠን ጥቂት ዝም አልን።

በ1942 ለንደን ወደሚገኘው የሐመርስሚዝ ሆስፒታል ሄደው ከዶክተር ጆን ማክማይክል ጋር መሥራት ጀመሩ። ሥራቸውም ይህ ነበር፤ በሽተኛው ትንፋሹን ይዞ ሳለ ቀዳዳ ያለው መርፌ በጎድን አጥንቱ መካከል ይገባና፥ እንደ ክር የቀጠነች የጉበት ቁራጭ ትወጣለች፤ እርሷም በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች። ጉበት በደም የተሞላ ስለ ሆነ መድማቱ ያስፈራል፤ ደፋር ብቻ ሳይሆን ጠንቃቃ እጅ ያስፈልጋል። ዘመኑ የጦርነት ነበርና የወፍ በሽታ በዝቶ ነበር። አንዱ በወረርሽኝ፥ አንዱ የአርሴኒክ መድኃኒት ከተወጋ በኋላ፥ ሌላው የሰው ሴረም ከተሰጠው በኋላ ይታመም ነበር። በ1943 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፥ በሦስቱም ወገን የጉበቱ ጉዳት አንድ ዓይነት መሆኑን በመርፌው ምርመራ አሳዩ።

በ1959 በለንደን የሮያል ፍሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በብሪታንያ ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያይቱ ሴት እርሳቸው ናቸው። በ1965 ከዲቦራ ዶኒያክና ከሌሎች ጋር፥ ይበልጡን ሴቶችን የሚይዘውንና ጥቃቅኑን የሐሞት ቧንቧ የሚያጠፋውን በሽታ ከደም መርምሮ ለመለየት የሚያስችል ምልክት አገኙ። ከዚያ በፊት ብዙ በሽተኞች በሽታቸው እስኪታወቅ ድረስ ሆዳቸው ይቀደድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በ1971 የታተመው ሥራቸው ነው። ጉበታቸው ዘወትር እየቈሰለ የሚሄድ 49 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው፥ 22ቱ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ሲወስዱ 27ቱ አልወሰዱም። ከወሰዱት 3፥ ካልወሰዱት 15 ሞቱ። በዕጣ መድኃኒቱ ላልደረሳቸው ሰዎች እናዝናለን፤ ነገር ግን ያድን እንደ ሆነ ወይም ይጎዳ እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ በርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ምን እንደሚሰጠው ታወቀ።

በ2001 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለ ጉበት በሽታ የጻፉትና በ1955 መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ፥ በሌሎች ሊቃውንት እየታደሰ በ2018 ለ13ኛ ጊዜ ታትሟል።