ያለ ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሸንፍ ክንድ፤ ከቤዝቦል ሜዳ እስከ ደቡብ ጎንደር ማሳ

በደብረ ታቦር ዙሪያና በሌሎች የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ሰብል ሲያሸት ወፍና ዝንጀሮ የሚከላከለው ጠባቂ፣ ብዙውን ጊዜም እረኛ ልጅ፣ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ይውላል። ትከሻውን ወይም ክርኑን አሞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባለሙያው የት እንደሚያመው ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚወረውርም ሊጠይቀው ይገባል። የጥያቄው ጥቅም ከቤዝቦል ጨዋታ በግልጽ ይታያል።

በዚህ በአሜሪካና በጃፓን በሚዘወተር ጨዋታ ወርዋሪው 18.44 ሜትር ርቆ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በ0.4 ሰከንድ፣ በ130 የሚበር ደግሞ በ0.5 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። መቺው ዱላውን መሰንዘር የሚጀምረው ኳሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ በመሆኑ የሚመካው በግምት ነው። ወርዋሪው የክንዱን እንቅስቃሴ ሳይለውጥ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ያለ ኳስ ከላከ ግምቱ ይፋለሳል። ግሬግ ማዳክስ በዚህ ዘዴና በዒላማው ትክክለኛነት 355 ጨዋታዎችን አሸንፏል። ጄሚ ሞየርም እ.ኤ.አ. በ2012 በ49 ዓመቱ አሸንፎ በአሜሪካ ዋና ሊግ ከአሸናፊ ወርዋሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዝግ ያለ ውርወራ ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ ሞየር ራሱ በ2010 የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በጥቅሉ ግን ፍጥነት ሲጨምር በክርን ውስጠኛ ጎን ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ኃይል ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በወገብ በኩል ወደ ክንድ ሲተላለፍ ደግሞ የትከሻ ሸክም ይቀላል።

የወንጭፍም ነገር ከዚህ አይርቅም። የጠባቂው ዓላማ ማስደንገጥ ስለሆነ ድንጋዩ በጊዜውና በቦታው ማረፉ ይበቃል፤ በሙሉ ኃይል መወርወር አያስፈልግም። ስለሆነም ባለሙያው ሕመምተኛው ክንዱን እንዲያሳርፍ፣ ሲሻለውም እግሩን አራምዶ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ቀስ በቀስ እንዲጀምር ይምከር። በልጆች የአጥንት ማደጊያ ክፍል ከጅማት ይልቅ ደካማ በመሆኑ የክርን ሕመም ያለበት ልጅ ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ መወርወር የለበትም። ክንዱን ማንሳት የተሳነው፣ ጣቶቹ የደነዘዙበት ወይም ትከሻው የወለቀ ሕመምተኛ ግን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።