ተጨማሪ መረጃ፦ የታጠፈ ወረቀት ሒሳብ ሲያስተምር

ከደብተር የተገነጠለ አንድ ሉክ ወረቀት፣ ፕሮትራክተር እንኳ ሳይኖር፣ የሒሳብ ሕግ በዓይን ያሳያል። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮበል ይህ ገና ድሮ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ለምንለው ትምህርት መሠረት ሲጥል፣ ልጆች ወረቀት እያጠፉ፣ እየቆረጡና እንደ ሰሌን እየታቱ እንዲማሩ አደረገ። ሐሳቡ ሕንድም ደረሰ፤ ሱንዳራ ራው እ.ኤ.አ. በ1893 በማድራስ ከተማ ጂኦሜትሪን በወረቀት እጥፋት የሚያስተምር ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ።

ሳይቆርጡና ሳይለጥፉ፣ በማጠፍ ብቻ ቅርፅ የማውጣት ጥበብ ኦሪጋሚ ይባላል። ቃሉ የጃፓንኛ ነው፤ «ኦሪ» ማጠፍ፣ «ካሚ» ወረቀት ማለት ነው።

እናንተም ሞክሩት። የፈለጋችሁትን ዓይነት ጎነ ሦስት ከወረቀት ቁረጡና ሦስቱን ማዕዘኖች በተለያየ ቀለም ቀቡ። ረጅሙን ጎን ወደ ታች አድርጉት። የላይኛውን ጫፍ ረጅሙን ጎን እስኪነካ ድረስ ወደ ታች እጠፉት፤ የእጥፋቱ መስመር ከረጅሙ ጎን ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ከዚያ የግራውንና የቀኙን ጫፍ ወደዚያው ነጥብ አጥፋችሁ አምጡ። እጥፋቱን በጥፍራችሁ ጫን አድርጋችሁ ዳምጡት፤ የላላ እጥፋት ውጤቱን ያበላሻል።

ሦስቱ ቀለማት ጎን ለጎን ገጥመው ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የማዕዘኖቹ ድምር 180 ዲግሪ ነው ማለት ነው!

አሁን ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር አስተያዩ። የእሱ ጎነ ሦስት ከእናንተ ቢለይም መስመሩ ቀጥ ብሏል? ታጥፎ የቀረው ቅርፅስ ምን ዓይነት ነው? ስፋቱ ከዋናው ጎነ ሦስት ስንተኛው ይሆናል?