ቁጥሩ ያው፣ ዕቃው ሌላ

አንድ መሐንዲስ ሁለት የመኪና ማስነሻ ስዊቾችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምራል። አንደኛው የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ተጋጭታ አሽከርካሪዋ ከሞተችባት የ2005 ሞዴል ሼቭሮሌ ኮባልት ነው። ሌላውን ከአከፋፋይ መደብር በ30 ዶላር ገዝቶታል። የዕቃ ቁጥራቸው አንድ ነው። ፈታትቶ ሲያያቸው ግን በአዲሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት ዘንግ ረዘም ትላለች፣ ሞላውም የበለጠ ተጨምቋል፤ ቁልፉን ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበትም ይበልጣል።

ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነበር። በአሮጌው ስዊች ቁልፉ ላይ ከባድ መያዣ ከተንጠለጠለ ወይም የሾፌሩ ጉልበት ከነካው፣ መኪናው እየሄደ ቁልፉ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ያኔ ሞተር ይጠፋል፣ መሪ ይከብዳል፣ ኤርባጉም ሳይከፈት ይቀራል። የኮባልት አምራች የሆነው ጀነራል ሞተርስ ካሳ የከፈለባቸው ሟቾች ቁጥር በመጨረሻ 124 ደርሷል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ችግሩ ቀደም ብሎ ተስተካክሎ የነበረ መሆኑ ነው። በኤፕሪል 2006 የኩባንያው መሐንዲስ ጠንካራው ስዊች እንዲመረት ፈርሟል፤ የዕቃው ቁጥር ግን እንደነበረ ቀረ። የኋለኞቹ ሞዴሎች ከቀደሙት ለምን እንደተሻሉ ለማወቅ መዝገብ የሚያገላብጡ ሰዎች ለዓመታት ያገኙት መልስ «የተለወጠ ነገር የለም» የሚል ነበር።

በምህንድስና የቆየ ሕግ አለ። የአንድ ዕቃ ቅርጽ፣ አገጣጠም ወይም ተግባር ከተለወጠ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። አዲሱ በአሮጌው፣ አሮጌውም በአዲሱ ቦታ ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ ግን ቁጥሩ ሳይነካ የእርማት ፊደሉ ብቻ ከኤ ወደ ቢ ይሸጋገራል። ላዩን ሲያዩት የመዝገብ ቤት ጣጣ ይመስላል። እንደ ሲመንስ ቲምሴንተር እና የፒቲሲ ዊንድቺል ያሉት የምርት ዕድሜ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ግን ሥራቸው ሁሉ የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

እነዚህ ሶፍትዌሮች ምርትን እንደ ዘር ሐረግ ያስቀምጡታል። ሞላው የስዊቹ ልጅ ነው፣ ስዊቹ የመሪው ክፍል ልጅ፣ ያም የመኪናው። ከሰው የዘር ሐረግ የሚለየው አንድ ልጅ አባቱ ብዙ መሆኑ ነው፤ ያው ስዊች ከኮባልት ሌላ ሳተርን አዮን፣ ፖንቲያክ ጂ5 እና ሼቭሮሌ ኤችኤችአር ውስጥም ገብቷል። ወደ ታች የሚወርድ ሰው «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለውጥ የሚያደርግ መሐንዲስ ግን ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ጥያቄውም «የት የት ገብቷል?» ነው።

የሚወጣው እስከ የት ድረስ ነው? አንዲት ብሎን በተነካች ቁጥር አባቷም አያቷም ተነኩ ከተባለ ዝርዝሩ ሙሉ መኪናውን ይውጣል፣ ያን ሁሉ የሚያነብም አይገኝም። ስለዚህ መሐንዲሱ በየደረጃው ቆም ብሎ ያጣራል፦ ይህ ስብስብ ከነ አዲሱ ዕቃው አሮጌውን ስብስብ ይተካል? ካልተካ እሱም አዲስ ቁጥር ይወጣለትና መውጣቱ ይቀጥላል። ከተካ እዚያው ይቆማል። ሶፍትዌሩ ሐረጉን በሰከንድ ይዘረጋል፤ «ይተካል» የሚለው ፍርድ ግን የሰው ነው።

የሚነካው ዕቃ ብቻም አይደለም። ሥዕሉ፣ የመቅረጫ ሞልዱ፣ የፍተሻ ቅጹ፣ የጥገና መመሪያው፣ የታዘዘው ግዢ፣ መጋዘን የተደረደረው ክምችት ሁሉ አብሮ ይነካል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ደግሞ ያስተሳሰሩለትን ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ በራሱ ኤክሴል የያዘው የክምችት ዝርዝር በፍለጋው አይታይም።

«ከየትኛው መኪና ጀምሮ?» የሚለው ሌላ ፈተና ነው። ለውጡ በተፈረመበት ዕለት ፋብሪካው አሮጌውን አይጥልም፤ ከተወሰነ ቀን ወይም ተከታታይ ቁጥር ጀምሮ አዲሱ ይገባል። መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ዓመተ ምሕረት ተናግሮም የሻንሲ ቁጥር የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ የአንድ ዓመት ሁለት መኪኖች የተለያየ ዕቃ ሊይዙ ይችላሉና።

ጀነራል ሞተርስ ያጣው ይህንን መለያ ነው። በ2014 መጀመሪያ ስዊቻቸው እንዲቀየር የጠራው የድሮዎቹን ሞዴሎች ብቻ ነበር። ሆኖም 95 ሺህ ገደማ ደካማ ስዊቾች በመለዋወጫነት ለነጋዴዎችና ለጋራዦች ተሸጠው ነበር። በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር አሮጌውን ከአዲሱ ስለማይለይ፣ ከ2008 እስከ 2011 የተሠራ መኪና በጥገና ጊዜ የትኛው እንደገባለት የሚናገር መዝገብ አልተገኘም። ኩባንያው በማርች መጨረሻ፣ በአሜሪካ ብቻ 824 ሺህ ተጨማሪ መኪኖችን ጠራ። አብዛኞቹ ጤነኛ ስዊች የያዙ ነበሩ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ሳይፈቱ ማወቅ አልተቻለም። ተራቸው እስኪደርስ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ደግሞ ይህ ነበር፦ የቤቱንም የቢሮውንም ቁልፍ ከመያዣው አውጡና የመኪናውን ብቻ ይዛችሁ ንዱ።