የጓዳችን ዱቄትና የውሻ ሆድ

ለውሻ ብስኩት መጋገር ለብዙ አንባብያን ቅንጦት መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛም ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ በጓደኛችን ቤት ተሰባስበን ለቡቺ ሊጥ ስናቦካ ነገሩን ከጨዋታ የዘለለ አድርገን አልተመለከትነውም ነበር። የስንዴና የአጃ ዱቄት፣ ጥቂት በሶ፣ አንድ እንቁላልና ውሃ እንደቀላቀልን የጓደኛችን እናት የሽሮ ቆርቆሮ ይዘው ብቅ አሉ። «ልጆቼ፣ ባዶ ዱቄት ማን ይበላል? ከዚህች ጣል አድርጉበት እንጂ» አሉን። ማንኪያው ሊጡ ላይ ሊገለበጥ ሲል ከመካከላችን አንዱ «እትዬ፣ ሽሮው ውስጥ ምን ምን አለ?» ሲል ጠየቀ። እሳቸውም በኩራት ዘረዘሩልን፤ አተር፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ ቀይ ሽንኩርት። ማንኪያው ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ።

በሽንኩርት ውስጥ የሚገኙት የሰልፈር ውህዶች በውሻ ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ኦክሳይድ ያደርጉታል። የተጎዳው ሄሞግሎቢን በሕዋሱ ጠርዝ ላይ ይቋጠራል፤ ሕዋሱም ዕድሜው ሳይደርስ ይፈርሳል። ማብሰልም ሆነ ማድረቅ ይህን ጠባይ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ዱቄት ሲሆን ውሃው ስለሚወጣለት በማንኪያ ውስጥ የሚገኘው መጠን ይበረክታል። ይበልጥ አሳሳቢው ግን ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ውሻው ድዱ የሚነጣውና ሽንቱ የሚጠቁረው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ የሰኞን ሕመም ከቅዳሜው ብስኩት ጋር አያያይዘውም።

ታዲያ ሥጋ በል የሆነው እንስሳ የስንዴና የአጃ ዱቄትን እንዴት ቻለው? እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሻንና የተኩላን ዘረ-መል አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ ስታርችን የሚሰባብረውን አሚሌዝ የተባለ የቆሽት ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረ-መል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይተዋል። ከእርሻ ማኅበረሰብ ጋር አብሮ የኖረው ውሻ የሰውን ፍርፋሪ ሲለቅም የኖረበት ታሪክ በዘረ-መሉ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። በእኛ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው አሚሌዝ በውሻ ምራቅ ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ስታርቹ በሙቀት ሲበስል ለቆሽቱ ሥራ ይቀልለታል። ያልተጋገረ ሊጥ በተለይም እርሾ ያለበት ከሆነ በሆድ ውስጥ እየተነፋ አልኮል ስለሚያመነጭ አደገኛ ነው።

ከስታርች አልፈን ወደ ሌሎቹ የመደርደሪያ ዕቃዎች ስንሄድ ግን የሰውና የውሻ መንገድ ይለያያል። ካካዎን እንውሰድ። ቲዮብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር በሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሲፈጅበት በውሻ ወደ 17 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም ሲደርስ ማስታወክና መቅበጥበጥ ሊጀምር ይችላል። አንድ ግራም የካካዎ ዱቄት 20 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስለሚይዝ፣ 5 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ውሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ በቂ ነው። አንባቢ ስሌቱን ራሱ ይሥራው።

ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስኳር አልባ በሆኑ ማስቲካዎችና በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤዎች ውስጥ ይገኛል። የውሻ ቆሽት እንደ ስኳር ቆጥሮት ኢንሱሊን በብዛት ይለቅቃል፤ በደም ውስጥ የነበረው ስኳርም በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ለዚህች 5 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ውሻ ግማሽ ግራም ብቻ ያሰጋታል። ኦቾሎኒ ቅቤ የሚገዛ ሰው በማሸጊያው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብብ የምንለው ለዚሁ ነው።

ዘቢብ የአንዳንድ ውሾችን ኩላሊት እንደሚያበላሽ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ክሬም ኦፍ ታርታር የተጨመረበት የልጆች መጫወቻ ሊጥ የበላ ውሻ ተመሳሳይ ጉዳት እንደደረሰበት በማስተዋል ጣታቸውን በታርታሪክ አሲድ ላይ ቀስረዋል። ክሬም ኦፍ ታርታር ለኬክ መንፊያ የሚያገለግል ነጭ ዱቄት ነው። የውሻ ብስኩት ደርቆ መንኮሽኮሽ እንጂ መነፋት ስለማያስፈልገው መንፊያ ሁሉ ቢቀርበት የሚጎድልበት የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ስህተት እንመለስ። ወፍራም አድርገን የጋገርነው የመጀመሪያው ብስኩት ላዩ ቢጠብስም ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ሻግቶ አገኘነው። ሻጋታ የሚያድገው ነጻ ውሃ ሲያገኝ ነው። ይህም ንጹሕ ውሃ 1 ተብሎ በሚቆጠርበት መለኪያ ከ0.6 በታች ሲወርድ ሻጋታ አይበቅልም። የሻገተውን ጠርጎ እንደገና መጋገር መፍትሔ አይሆንም፤ በበቆሎና በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተለመደውን የምድጃ ሙቀት ይቋቋማልና። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ በአሜሪካ በአፍላቶክሲን በተበከለ በቆሎ የተሠራ የውሻ ምግብ ከ100 በላይ ውሾችን ገድሏል።

በማግስቱ ቅዳሜ ሊጡን ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ዳምጠን በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግማሽ ሰዓት ጋገርነው፤ ከዚያም ሙቀቱን ወደ 100 ዝቅ አድርገን ለአንድ ሰዓት ያህል አደረቅነው። ብስኩቱ በእጅ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ቡቺ ሁለቱን በልቶ ሦስተኛውን በጓሮ ቀበረው። ሽሮውን እኛ ለምሳ በላነው።