ዓሣን ወደ አዲስ ቤቱ እንዴት በደህና እናድርሰው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ነው። ስለ ማጥመድም፣ ስለ መጥበስም አይደለም። ዓሣን በሕይወቱ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ ስለ ማዛወር ነው።

«ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? በባልዲ ይዞ መሄድ ነው እንጂ!» የሚል አይጠፋም። እስቲ ነገሩን እንየው።

አንድ ገበሬ የዓሣ ኩሬ ቆፈረ እንበል። ቤተሰቡ ሁሉ አፈር ሲያወጣ ሰነበተ። ኩሬው ውሃ ሞላ። ገበሬው ገንዘቡን ቋጥሮ ሄዶ የዓሣ ጫጩቶች ገዝቶ መጣ። ጫጩቶቹ በሕይወት ደረሱ። ደስ ብሎት ወዲያው ከነውሃቸው ኩሬው ውስጥ ገለበጣቸው። በማግሥቱ ጧት ሲመጣ ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል። ታዲያ ገበሬው ምን ይላል? «ይህ አገር ለዓሣ አይሆንም» ይላል። ጎረቤቶቹም ይህን ሰምተው ኩሬ የመቆፈር ሐሳባቸውን ይተዋሉ። አገሩ ግን ምንም አልበደለም። ዓሣዎቹን የገደላቸው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ዛሬ እንድትይዙልን የምንፈልገው ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ውሃ ለዓሣ ምኑ ነው?

ዓሣም እንደኛ ይተነፍሳል። የሚተነፍሰው ግን በሳንባ ሳይሆን በስንጥቡ ነው። ስንጥብ ማለት ከራሱ ግራና ቀኝ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ቀይ ነገር ነው። ዓሣው በስንጥቡ አማካይነት በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ሞቃት ውሃ ግን ጥቂት ነው የሚይዘው። ዓሣው ደግሞ ሲሞቀው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ በፀሐይ የተቀመጠ ባልዲ ዓሣን ያፍነዋል ማለት ነው። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካያችሁ አየር አጥሯቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሄደ ሰው ሲበርደው ጋቢውን ይደርባል። ዓሣ ምን ይደርብ? የዓሣ ሰውነት ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ውሃው ሲበርድ ይበርዳል። በአገራችን ሐይቆች የታወቀው ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ሞቅ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ውሃው ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ግን መብላቱን ይተዋል። ስለዚህ ቆሮሶን ብርድ ወደሚበረታበት ደጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ኩሬው ይስማማው እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ።

ሦስተኛው ዓሣው ራሱ የሚያወጣው ቆሻሻ ነው። በትልቅ ኩሬ ውስጥ ይበተናል። በጠባብ ዕቃ ውስጥ ግን እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል።

ከመንገድ በፊት

አንደኛ፣ ኩሬውን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ዓሣው ከመጣ በኋላ ውሃ ፍለጋ መሮጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ዓሣው ከመጓዙ በፊት አንድ ቀን ያህል ምግብ አይሰጠው። «አሳዘነኝ» ብላችሁ እንዳትመግቡት! ጠግቦ የተነሣ ዓሣ የሚጓዝበትን ውሃ ያቆሽሸዋል።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን መርምሩ። ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነካው ጀሪካን ፈጽሞ አይሆንም። ታጠበም አልታጠበም፣ ተዉት።

አራተኛ፣ ዓሣውን በደረቅ እጅ አትንኩ። ቆዳው ላይ ያለው የሚያሟልጭ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። እጃችሁን በውሃ አርጥቡ፤ ለስላሳ መረብ ካለ ደግሞ በእሱ አውጡት።

በመንገድ ላይ

የዓሣ ጫጩት ለምሳሌ ሰበታ ከሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ቦታዎች ዓሣን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ መላክ የታወቀ ነው። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው ኦክስጅን ሆኖ አፉ በደንብ ይታሰራል። «ውሃው አነሰ» ብላችሁ አትጨነቁ። ዓሣውን የሚያቆየው ከውሃው በላይ ያለው ኦክስጅን ነው። በአንድ ከረጢት ስንት ጫጩት እንደሚገባ በዓሣው መጠንና በመንገዱ ርዝመት ይወሰናልና ባለሙያውን ጠይቁ።

ኦክስጅን ከሌለና መንገዱ አጭር ከሆነ በባልዲ መያዝ ይቻላል። ባልዲውን እስከ አፉ አትሙሉት። ጥቂት ዓሣ ብቻ ያዙበት። ዓሣዎቹ ወደ ላይ እየወጡ አየር መፈለግ ከጀመሩ ውሃውን በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ ሻይ ለማብረድ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንደምንገለብጠው ማለት ነው። ያን ጊዜ አየር ይገባዋል።

ጉዞው በጧት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ከረጢቱን በካርቶን ውስጥ አድርጉት፤ ወይም በረጠበ ጆንያ ሸፍኑት።

ኩሬው ዘንድ ስትደርሱ

ያ ገበሬ የቸኮለው እዚህ ላይ ነበር። እናንተ ግን አትቸኩሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ?

ከረጢቱን እንደታሰረ በጥላ በኩል ኩሬው ላይ አንሳፉት። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። የከረጢቱ ውሃ ከኩሬው ውሃ ጋር በሙቀት ይስተካከላል። ከዚያ ፍቱት። የኩሬውን ውሃ በጣሳ እየቀዳችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት። መንገዱ ረጅም ከነበረ ከረጢቱ ከተፈታ በኋላ ከሩብ ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ የተጠራቀመው ቆሻሻ ከረጢቱ ሲከፈት ይበልጥ ይመርዛልና። በመጨረሻ ዓሣው ራሱ እየዋኘ እንዲወጣ ከረጢቱን ዘንበል አድርጉለት። የቆሸሸውን ውሃ ኩሬው ውስጥ አትድፉት። በዚያን ቀንም ምግብ አትስጡት።

ለከተማ ነዋሪዎች

በመስታወት ገንዳ ዓሣ የምታኖሩ ሰዎችም ቤት ስትለውጡ ሕጉ ያው ነው። ገንዳውን ግን ከነውሃው አታንሡ። 100 ሊትር ውሃ አንድ ኩንታል ይመዝናል፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ዓሣዎቹን በቆዩበት ውሃ ለብቻ ያዙ። የገንዳውን ጠጠርና የማጣሪያውን ስፖንጅ ከዚያው ውሃ ጋር እንደረጠቡ ውሰዱ። በእነሱ ላይ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉ፣ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ሕዋሳት ይኖራሉ። ከደረቁ ይሞታሉ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን ስላለበት የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። አንድ ሁለት ቀን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሳይከደን ይቆይና ክሎሪኑ በኖ ይውጣ።

እንግዲህ ለማጠቃለል ያህል፦ ዓሣውን አታጥግቡት። በጥላ ውሰዱት። ቀስ ብላችሁ ከአዲሱ ውሃ ጋር አለማምዱት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጥቂት ቢሞቱባችሁ እንኳ የተረፉት አድገው ይራባሉ። ያን ጊዜ ጎረቤት «ይህ አገር ለዓሣ አይሆንም» ቢል ወደ ኩሬው ወስዳችሁ ታሳዩታላችሁ።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. ባልዲ በፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ዓሣው ለምን ይታፈናል?
2. ዓሣ ከጉዞ በፊት ለምን አይመገብም?
3. የገበሬው ዓሣዎች ለምን ሞቱ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?