በእንግሊዝ አገር ያለ ሥፍራው ስለሚቆም አውቶሞቢልና ስለ መቀጫው

አውቶሞቢል የቤት ሀብት ከሆነ ወዲህ ከጥቅሙ ጋራ ዕዳውንም ይዞ ወደ ቤት ገብቷል። ቀድሞ በቅሎውን ከደጅ አስሮ የሚገባ እንግዳ ስለ ማሰሪያው አይጨነቅም ነበር፤ የዛሬው ባለመኪና ግን ከመሄጃው ይልቅ ማቆሚያው ያሳስበዋል። ይህ ነገር በቤተ ሰብ ዓምድ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በእንግሊዝ አገር ሕግ መቀጫው የሚጠየቀው መኪናውን ያቆመው ሰው ሳይሆን በመዝገብ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሰው መሆኑን እናስታውሰዋለን። ልጅ በአባቱ መኪና ሄዶ በጥንድ ብጫ መስመር ላይ ቢያቆም ደብዳቤው የሚመጣው ለአባትዮው ነው፤ ባል ቢያጠፋም መኪናው በሚስቱ ስም ከተጻፈ መልስ የምትሰጠው እርስዋ ናት።

ቀድሞ በዚያ አገር እንዲህ ያለው ጥፋት የፖሊስና የወንጀል ዳኛ ጉዳይ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በወጣው የመንገድ ሕግ ነገሩ ከወንጀልነት ወጥቶ ለማዘጋጃ ቤቶች ይሰጥ ዘንድ ተፈቀደ፤ በ2004 የወጣውና በ2008 በሥራ የዋለው ሕግ ደግሞ የዛሬውን ሥርዓት አጸና። ስለዚህ የደንብ ልብስ ለብሶ በጎዳና የሚዞረው ሰው የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ እንጂ ፖሊስ አይደለም። ጥፋቱን ባየ ጊዜ ሥፍራውን፥ ሰዓቱንና የመኪናውን ቁጥር ጽፎ፥ ብዙ ጊዜም ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ የመቀጫውን ወረቀት በመስተዋቱ ላይ ያኖራል ወይም ለነጂው በእጁ ይሰጣል። ነጂው ሳይቀበል ቢያመልጥ በፖስታ ይላክበታል። በ2015 በወጣው ደንብ ግን፥ በተፈቀደ ማቆሚያ ያቆመ ሰው ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ይደረግለታል፤ ብጫው መስመር ይህ ምሕረት የለውም።

ከለንደን ውጭ፥ ከፍ ያለውን ደረጃ በመረጡት ከተሞች መቀጫው ለከባዱ ጥፋት 70፥ ለቀላሉ 50 ፓውንድ ነው፤ የለንደን ከዚህ ይበልጣል። በ14 ቀን ውስጥ የከፈለ ግን ግማሹን ብቻ ይሰጣል። 28 ቀን ሲያልፍ ለባለቤቱ ማስታወቂያ ይላካል፤ እርሱም በሌላ 28 ቀን ውስጥ ወይ ይከፍላል ወይ ይከራከራል። ዝም ቢል መቀጫው በእኩሌታ ያድጋል፤ 70 የነበረው 105 ይሆናል። ከዚያም በኖርዛምፕተን ባለው የፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት እንደ ዕዳ ይመዘገባል፥ በመጨረሻም ዕቃ የሚይዙ አስፈጻሚዎች ከደጅ ይቆማሉ። በ35 ፓውንድ ያልቅ የነበረው ነገር ከዚህ የሚደርሰው ጥፋቱ ከብዶ ሳይሆን ፖስታው ሳይከፈት ሰንብቶ ነው። በዚያ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፥ ወላጆች እንግሊዝኛ የማያነቡ እንደ ሆነ፥ ደብዳቤውን በመጣበት ቀን ከፍቶ ማንበብ የልጆች ግዴታ ሊሆን ይገባል እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ከሳሹ ራሱ የመጨረሻ ዳኛ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያ አቤቱታውን ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፋል፤ መኪናውን አስቀድሞ ሸጦት፥ ወይም ተሰርቆበት፥ ወይም ምልክቱ በቅጠል ተሸፍኖ መስመሩም ጠፍቶ እንደ ሆነ ማስረጃውን ያያይዛል። ማዘጋጃ ቤቱ በ56 ቀን ውስጥ ካልመለሰ አቤቱታው እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። ለዜጋ ቀን የሚቈርጥ መንግሥት ለራሱም ቀን መቍረጡ እንዴት መልካም ነው! እንቢ ቢለው፥ ባለቤቱ በ28 ቀን ውስጥ ከማዘጋጃ ቤቱ ነጻ ለሆኑ ሕግ ዐዋቂ ዳኞች ይግባኝ ይላል፤ የሚከፍለውም የዳኝነት ገንዘብ የለም። ዳኛው ሕጉ ሳይረዳው የሰውየው ችግር ብርቱ መሆኑን ቢያይ፥ ጉዳዩን እንደ ገና ይመልከተው ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ መመለስ ይችላል።

ሕዝቡ ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ ለመልቀም ነው እያለ ያማል። ሐሜቱም ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ በ2013 የለንደን ክፍል የሆነው የባርኔት ማዘጋጃ ቤት ነዋሪዎች ለመኪና ማቆሚያ የሚከፍሉትን ዋጋ ያናረው ለሌላ የመንገድ ወጪ ገቢ ለማግኘት ነው ተብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈርዶበታል።

በቤት ውስጥ ለመራመድ የሚቸገር ሰው ላለባቸው አንድ ነገር እንጨምራለን። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰማያዊ ካርድ ይሰጠዋል፤ በዚህም ዕቃ መጫንና ማውረድ ባልተከለከለበት ብጫ መስመር ላይ እስከ 3 ሰዓት ማቆም ይፈቀድለታል። ካርዱ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም። እናቱን ከቤት ትቶ በካርድዋ ለገበያው የሚወጣ ልጅ ወንጀል ሠርቷል፤ እስከ 1000 ፓውንድ ይቀጣል። እናትየው አብራው ሳለች ግን የደረሱበትን ሰዓት በካርቶኑ ሰዓት ላይ አዙሮ ከካርዱ ጋራ በመስተዋቱ ውስጥ በግልጥ ካኖረው፥ ተቆጣጣሪው አይቶ ያልፋል።